ሐረጉ የጠራው ተመልካች

አለፈ! በአንድ ድምፅ አለፈ! ዘጠኝ እጅ ወጣ፣ የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረ አንድም እጅ የለም። ዘጠነኛዋ እጅ የማን እንደሆነች አሁን ብነግራችሁ አታምኑኝም፣ ስለዚህ በቦታው ይድረስ። መድረካችን መድረክ ሆኖ ይቀጥላል፣ ተውኔቱም እስከ ፋሲካ ድረስ ሰባት መንደር ይዞራል።

የምስራቹ የኢዚዶር ቪዢንቲን ነው።

ኢዚዶር የፖድካል የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ነው። ዕድሜው ስልሳ አንድ፣ እጁ እንደ አካፋ ሰፊ፣ ቅንድቡ ላይ ዓመቱን ሙሉ ነጭ የድንጋይ ዱቄት የማይጠፋ ሰው ነው። ከትሪየስቴ ከተማ በላይ፣ ጣልያንና ስሎቬንያ በሚዋሰኑበት በዚህ ክራስ ምድር ላይ፣ ድንጋዩ ከአፈሩ ይበዛል፤ ሥራ አጥቶ አያውቅም። ስም ይቀርጻል፣ ዓመት ይቀርጻል፣ ምሳ ይበላል፣ እንደገና ስም ይቀርጻል። የተሳሳቱ ሰሌዳዎች ጀርባ ላይ ደግሞ በእርሳስ ጭውውት ይጽፋል። ግቢው ውስጥ ያሉትን ድንጋዮች ብትገለብጡ ከሦስቱ አንዱ ላይ ሁለት ሰው ሲጨቃጨቅ ታገኛላችሁ።

የራሱን ቤተሰብ መቃብር ያደሰውም እሱ ነው። አያቱ ኡርሹላ እዚያ አሉ። አንድ ግቢ ውስጥ ተወልደው፣ እዚያው ግቢ ውስጥ አግብተው፣ እዚያው አርጅተው የሞቱ ሴት ናቸው፤ እሳቸው ሳይነቃነቁ መንግሥቱ ግን አራት ጊዜ ተቀያይሮባቸዋል። እንቁላል ሲቆጥሩ በጀርመንኛ ነበር፤ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የተማሩት በሱ ነዋ። ሲጸልዩና ሲቆጡ በስሎቬንኛ። ከተማ ወርደው እንቁላሉን ሲሸጡ፣ ሲከራከሩና ሲሳደቡ ደግሞ በትሪየስቴ ሰፈር ጣልያንኛ። ኢዚዶር ራሱ ያገባት ኔሪና የዚያው ከተማ ልጅ ናት፤ ቤታቸው ውስጥ ሾርባ በአንድ ቋንቋ ይጀመርና በሌላው ይጨለፋል፣ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም።

ተውኔቱን ያስጀመረው ግን ስልኩ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት እናቱን ቀብሮ ቤቱ እንደገባ፣ ጥቁሩን ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ መልእክት ገባለት፤ «የቀብር ሥነ ሥርዓታችንን እንዴት አገኙት? ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጡናል?»

ኢዚዶር ቆሞ አሰበ። አራት ሰጠ።

«ለምን አራት?» አለችው ኔሪና።

«ዝናብ ነበረ።»

ከዚያ ሁለቱም ተያዩ። ኢዚዶር ከፀጉሩ እስከ ጫማው አፈረ። «ለእናቴ ቀብር አራት ኮከብ ሰጠሁ!» እያለ ሳምንቱን ሙሉ በመሮውና በመዶሻው ድንጋይ ሲደበድብ ከረመ። በሳምንቱ መጨረሻ እጁ ላይ አንድ ተውኔት ነበረ፤ ስሙም «አንዱን ብቻ ይምረጡ»።

ታሪኩ ቀላል ነው። አሮጊቷ ኡርሹላ ሞተው ወደ ላይኛው ቤት ደጃፍ ይደርሳሉ። ድሮ ጢማም በረኛ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ታብሌት የያዘች ጸሐፊ ተቀምጣለች። ዜግነት? አንዱን ብቻ ይምረጡ። ቋንቋ? አንዱን ብቻ ይምረጡ። በአሟሟትዎ ምን ያህል ረክተዋል? አሮጊቷ አንዱን መምረጥ አይችሉም፣ ማሽኑ ደግሞ ሁለት አይቀበልም። ከኋላቸው ሰልፉ ይረዝማል፣ ሙታኑም ይሰለቹና ስልካቸውን ያወጣሉ።

ዘንድሮ በመስከረም ኢዚዶር ጽሑፉን ይዞ የመንደራችን የባህል ማኅበር ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ሊቀመንበሯ መምህርት ቦጎሚላ ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ከኮሚቴው ዘጠኝ አባላት ስምንቱን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ዘጠነኛዋ ራሳቸው ናቸው።

«ኢዚዶር፣ ጎበዝ ነህ» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «ልጅም ሆነህ ድርሰት ትችል ነበር። የቤት ሥራ ላይ ነበር ችግርህ።»

«አመሰግናለሁ መምህርት።»

«ግን አሮጊቷ በከተማው ቋንቋ የምትሳደበው ለምንድን ነው?»

«አያቴ በሱ ነበር የምትሳደበው።»

«አያትህን በደንብ አውቃቸው ነበር። ስማኝ ልጄ፤ የድሮው አዳራሻችን የተቃጠለው በውስጡ የሚነገረው ቋንቋ እንዲጠፋ ነው። አባቴ በራሱ ቋንቋ ስለዘፈነ ታስሯል። ሱቁ የነሱ ነው፣ ቴሌቪዥኑ የነሱ ነው፣ የመንገዱ ወሬ የነሱ ነው። በዚህ አንድ መድረክ ላይ እንኳ በራሳችን ብንተነፍስ ምን አለበት?»

ኢዚዶር ባርኔጣውን አሽከረከረ። የተናገሩት እውነት ነው።

«ሁሉንም በስሎቬንኛ ልጽፈው ሞክሬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ግማሽ ጎኗ ሞተብኝ።»

«ሴትዮዋ ሞታ አይደል እንዴ ነገሩ የሚጀምረው?» አለ ከጥግ ቤርቲ። ቤርቲ የኢዚዶር ጎረቤት ነው፤ ወይን ጠማቂ፣ ሆዳም፣ ለጨዋታ የማይሰንፍ ሰው። ኮሚቴው ሳቀ፣ መምህርት ግን አልሳቁም።

ቀጥሎ ከወጣቶቹ የመጣው ደብዳቤ ተነበበ። አዳራሹ ለስፖርት ይሰጠን፣ ወንበሩ ይነሳ፣ የመሮጫ ማሽን ይግባ ይላል።

«የመሮጫ ማሽን ምንድን ነው?» አሉ መምህርት።

«ባሉበት የሚያስሮጥ ነው» አለ ደብዳቤውን ያነበበው።

«ለዚህማ ማሽን ምን ያደርጋል?» አለ ኢዚዶር። «ስብሰባ አለን እኮ።»

ሳቁ እንዳለ ሆኖ ነገሩ የምር ነበር። ባለፈው ዓመት ቲያትራችንን ያየው አሥራ ዘጠኝ ሰውና አንድ ውሻ ነው፤ እስከ መጨረሻው የቆየው ደግሞ ውሻው። ስለዚህ እንዲህ ተወሰነ፤ የኢዚዶር ተውኔት በጥቅምት በአንዱ እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይታይ። ሰማንያ ተመልካች ከመጣ መድረኩም ተውኔቱም ይቀጥላል። ካልመጣ ወንበሩ ይነሳል፣ ኢዚዶርም ወደ ድንጋዩ ይመለሳል።

«እኔም እንደ ሁልጊዜው ሳጥኔ ውስጥ እገባለሁ» አሉ መምህርት። አርባ ዓመት ሙሉ ከመድረኩ ሥር ባለችው ትንሽ ሳጥን ተቀምጠው ለተዋንያን የጠፋባቸውን ቃል የሚያስታውሱ እሳቸው ናቸው። «ባልስማማበትም ሥራዬ ነው። ግን ስሎቬንኛውን ብቻ ነው የማስታውሰው። ሌላውን ራሳችሁ ተወጡት።»

እንግዲህ ሐረጉ ጋ ደረስን።

ቤርቲ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በተፈቀደለት ጥቂት ቀናት ብቻ፣ ግቢውን ከፍቶ ቴራን የምንለውን የራሱን ቀይ የወይን ጠጅ፣ የራሱን የደረቀ የአሳማ ሥጋና የተቀቀለ እንቁላል ይሸጣል። ኦስሚጻ እንለዋለን። ማስታወቂያ የለውም። መስቀለኛው መንገድ ላይ አንድ እቅፍ አረንጓዴ ሐረግ ይሰቀላል፣ ከሥሩ መንገድ የሚያሳይ ቀስት በምስማር ይመታል፣ በቃ። ሐረጉን ያየ ሰው ከከተማውም ከመንደሩም ዳቦውን ይዞ ቀስቱን ተከትሎ ይመጣል። በዚህ አገር ሕፃን ልጅ እንኳ ይህን ያውቃል።

ኢዚዶርም ያውቃል። ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ሐረግ ከመቃብር ድንጋይ ላይ ሲልጥ የኖረ ሰው ነው፤ ለሱ ሐረግ ማለት መቃብር ነው። ተውኔቱ ደግሞ የሙታን ነው። ታዲያ ቅዳሜ ጠዋት ከመቃብሩ አጥር ላይ ሁለት ጋሪ ሙሉ ሐረግ ቆርጦ የአዳራሹን በር ዙሪያውን አለበሰ። ያምር ነበር። የተረፈውን ደግሞ ወስዶ መስቀለኛው መንገድ ላይ አንድ ትልቅ እቅፍ ሰቀለ፤ እንግዳ መንገድ እንዳይጠፋው ብሎም ከሥሩ፣ ወደ አዳራሹ የሚያሳይ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ የእንጨት ቀስት መታ። ራቅ ብሎ አየው። እጁን አራገፈ። ረክቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

እሑድ ዘጠኝ ተኩል ላይ መንገዱ በመኪና ሞላ።

ኢዚዶር ከመጋረጃው ጀርባ በቀዳዳ አየ። ቤተሰብ ከነልጁ፣ የከተማ ሽማግሌዎች፣ ጠባብ ልብስ የለበሱ ባለብስክሌቶች፣ ከላይኛው ድንበር የመጡ ጀርመንኛ ተናጋሪ ባልና ሚስት! «ኔሪና! ነይ እይ! ለኔ ተውኔት!»

ኔሪና የአሮጊቷን ጥቁር ሻሽ እያሰረች መጣች። ዋናዋ ተዋናይ እሷ ናት። በቀዳዳው አየች። መጀመሪያ የፈለገችው እህቷን ፊዮሬላን ነበር፤ ከከተማ እመጣለሁ ብላ የፊተኛው ረድፍ ላይ ወንበር ተይዞላት ነበር፣ ወንበሩ ግን ባዶ ነው። ቀጥሎ ሌላውን ሕዝብ አየች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ብለህ ነው የጠራሃቸው?»

«ተውኔት ብዬ ነዋ!»

«ታዲያ ያ ወፍራሙ ሰውዬ ቢላዋና ዳቦ የያዘው ለምንድን ነው?»

ኢዚዶር እንደገና አየ። እውነትም ይዟል። አጠገቡ ያለችው ሴትም የጠረጴዛ ልብስ እያጠፈች «ጠረጴዛው የታለ?» ትላለች። ያኔ የጓሮው በር ተበርግዶ ቤርቲ ገባ፤ ፊቱ እንደ ራሱ ቴራን ቀልቷል።

«ኢዚዶር! መስቀለኛው ላይ ምንድን ነው የሰቀልከው?»

«ሐረግ ነዋ። የመቃብር ሐረ...» አለና ነገሩ ገባው።

«የኔ ቀን ገና ሳምንት ይቀረዋል! ተቆጣጣሪ ቢመጣ ፈቃዴን ነው የሚነጥቀኝ! ሰው የግቢዬን በር እየደበደበ ነው እኮ! አንዲቷማ "የክራስ ሰው ውሸታም ሆነ!" ብላኝ ሄደች!»

«ቤርቲ፣ ወንድሜ...»

«ወንድሜ አትበለኝ! እንቁላል አልቀቀልኩም!»

መምህርት ቦጎሚላ ወደ ሳጥናቸው ሲያልፉ ሁሉንም ሰሙ። በአንድ እጃቸው ትራስ፣ በሌላው እርሳስ ይዘዋል። «ለጠጅ የመጣ ሰው ተመልካች አይባልም» አሉ። «ከእረፍቱ በኋላ የሚቀረውን ነው የምቆጥረው።» ጎንበስ ብለው ገቡ።

«ሂድና እውነቱን ንገራቸው» አለች ኔሪና፤ ከኋላም ገፋችው።

ኢዚዶር መጋረጃው ፊት ቆመ። «እንኳን ደህና መጣችሁ። ጠጅ የለም።»

ወፍራሙ ሰውዬ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ሥጋም የለም።»

«እንቁላልስ?» አለ ባለዳቦው።

«እንቁላልም የለም። ሐረጉ የኔ ጥፋት ነው። ያለው ተውኔት ብቻ ነው። ካልጣማችሁ በእረፍት ሰዓት ሂዱ፣ አልቀየምም።» ዋሸ፤ ይቀየም ነበር።

ሕዝቡ ተያየ። ወንበሩ ላይ አንዴ ተቀምጧል፣ ውጭ ቡርያ የምንለው ነፋሳችን መንፈስ ጀምሯል። ባለዳቦው ትከሻውን ነቀነቀና ዳቦውን ቆርሶ ለጎረቤቱ ሰጠ። መጋረጃው ተከፈተ።

ጸሐፊዋን የምትጫወተው የእንስሳት ሐኪማችን ያስና ናት። ታብሌቱን እየነካካች «ዜግነት? አንዱን ብቻ ይምረጡ» አለች።

«የየትኛውን ሰዓት ነው ልጄ?» አለች ኔሪና በአሮጊቷ ድምፅ። «ጠዋት ስነሳ የነበርኩትን ነው ወይስ ማታ ስተኛ?»

«አንዱን ብቻ!»

«እኔንም በስልክ እንዲሁ ነው ያለኝ!» ብሎ ባለዳቦው ከወንበሩ ጮኸ። «አንድን ይጫኑ አለኝ፣ ተጫንኩ። ሁለትን ይጫኑ አለኝ፣ ተጫንኩ። ከዚያ ሙዚቃ ከፍቶ ጥሎኝ ሄደ!»

«ታዲያ እርስዎም ሞተው ነበራ!» አለች ኔሪና ሳትዘጋጅበት። አዳራሹ ፈነዳ። ከዚያ በኋላማ ማን ተዋናይ፣ ማን ተመልካች እንደሆነ ለመለየት አስቸገረ። ሙታኑ ለአሟሟታቸው ኮከብ ሲሰጡ ባለብስክሌቶቹ «አምስት! አምስት!» እያሉ ይጮሃሉ። ልቡ ቀጥ ብሎ የሞተው ሦስት ሰጠ፤ «ቶሎ ነበር፣ ግን ማብራሪያ አልተሰጠኝም» አለ።

እረፍት ሆነ። ሩብ ሰዓት።

ኢዚዶር ማየት አልቻለም። ከአዳራሹ ጀርባ ሄዶ ያልተጠረበ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከወዲያ በኩል የመኪና ሞተር ተነሳ። ሌላም ተነሳ። ሌላም። ቤርቲ መጥቶ አጠገቡ ቁጭ አለ።

«ስንተኛው ነው?» አለ ቤርቲ።

«አሥራ አራተኛው።»

«በአንድ መኪና አራት ሰው ቢገባ...»

«አትንገረኝ።»

«ያ ሦስት ኮከብ የሰጠው ሰውዬ» አለ ቤርቲ፣ «እኔን አስበህ ነው የጻፍከው፣ አይደል?»

«አንተን ነው።»

«አውቄዋለሁ። ሁለት ነበር መስጠት ያለብኝ።» ኢዚዶር ሳይወድ ሳቀ። ቤርቲ ብድግ ብሎ «ሥራ አለኝ» አለና ሄደ። ኢዚዶር ተቀይሞኛል አለ በሆዱ።

ሁለተኛው ክፍል ሲጀመር ብዙ ወንበር ባዶ ነበር። መምህርት ከሳጥናቸው አንገታቸውን አውጥተው፣ በእርሳሳቸው አየሩን እየነካኩ ቆጠሩ። ወረቀት ላይ ጻፉ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም፤ ፈተና ሲያርሙም እንዲሁ ነበሩ።

ትልቁ ትዕይንት መጣ። ጸሐፊዋ አሮጊቷን «ካልመረጡ ማኅደርዎ ይዘጋል፣ እንዳልኖሩ ይቆጠራል» ትላቸዋለች። እዚህ ላይ ነው ኡርሹላ በከተማው ቋንቋ ያን ረጅሙን ስድብ የሚያወርዱት። ኔሪና አፏን ከፈተች። ፊት ለፊቷ ባለዳቦው በጎረቤቱ የጠረጴዛ ልብስ ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ አየች። ይህን ያህል ግዙፍ ሰው ሲያለቅስ አልጠበቀችም። ተወልዳ ያደገችበት ቋንቋ ነው፣ ግን አንዲት ቃል አልመጣላትም።

ኢዚዶር ከመጋረጃው ጀርባ የራሱን እጅ ነከሰ። ሳጥኑ ጸጥ ብሏል። «ስሎቬንኛውን ብቻ» ተብሎ ነበራ። ኔሪና በሰም የተሠራች መሰለች።

ከዚያ ከመድረኩ ሥር ድምፅ መጣ። ሹክሹክታ አልነበረም። ሙሉ፣ ጎርናና፣ የወደቡን መንገድ የሚያውቅ ድምፅ ነበር፤ የከተማው ሰፈር ጣልያንኛ፣ ያውም የልብስ አጣቢዎቹ። «አንቺ ባለጠፍጣፋው ሳጥን! ስኖር ሳጥን አልበቃኝም፣ ስሞት ልታስገቢኝ ነው?» ብሎ ጀምሮ የጸሐፊዋን አለቃ፣ የአለቃውን ሱሪ፣ ሱሪውን ያጠበችውንም ሴት ሳይቀር አዳረሰ።

«ይህ በጽሑፉ የለም!» አለ ኢዚዶር።

የከተማ ሽማግሌዎቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ኔሪና ቃል በቃል ደገመችው፣ ከዚያም ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብላ «ሌላስ?» አለች።

«ሌላማ ሞልቷል!» አለ ሳጥኑ፤ ቀጠለም።

ጸሐፊዋ በመጨረሻ ታብሌቷን አጥፍታ «በጓሮው በር ይግቡ፣ ማንም አያይም» ስትልና መጋረጃው ሲዘጋ፣ ባለዳቦው ዳቦውን ጨርሶ ነበር። ጭብጨባው ሳያልቅ የጎን በሩ ተከፈተ። ቤርቲ ነው፤ ጋሪ እየገፋ፣ ጋሪው ላይ በቅርጫት የታቀፈ ትልቅ የቴራን ጠርሙስ፣ አንድ ሙሉ የደረቀ ሥጋና አንድ ባልዲ እንቁላል።

«ቤርቲ! ፈቃድህስ?» አለ ኢዚዶር።

«ማን ሸጠ? በመድረክ ላይ ስንት ሰው ሲሞት አልዋለም?» አለ ቤርቲ። «ይህ ሽያጭ አይደለም፣ ተስካር ነው!»

ኢዚዶር ግን አልጠጣም። መምህርትን ከሳጥናቸው እጃቸውን ይዞ አወጣቸው። «መምህርት፣ ያን ሁሉ ስድብ ከየት አመጡት?»

መምህርት ቀሚሳቸውን አራገፉ። «እናቴ አርባ ዓመት የከተማውን ልብስ አጥባለች። ልብስ ብቻ ተሸክማ የምትመለስ ይመስልሃል?» ቀና ብለው አዩት። «አባቴን ያሰሩት ሰዎች ቋንቋ ነው ብዬ ውጬው ነበር። እናቴ ግን የምትስቀው በሱ ነበር። ይህን ረስቼው ኖሬአለሁ።»

«ስንት ሰው ቀረ?»

«ማክሰኞ ትሰማለህ። ሥርዓት አለ።»

ማክሰኞ፣ ማለትም ዛሬ፣ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ኢዚዶር በር ላይ ቆመ፤ ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው መልክ አለው። መምህርት ወረቀታቸውን ዘረጉ።

«የገባው መቶ አርባ ሦስት። ከእረፍት በኋላ የቀረው...» መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ሰባ ዘጠኝ።»

ኢዚዶር ባርኔጣውን አደረገ፤ ሊወጣ ነው።

«ባርኔጣህን አውልቅ፣ ቤት ውስጥ ነህ» አሉ መምህርት። «አልጨረስኩም። አርባ ዓመት ከዚያ ሳጥን ውስጥ ስቀመጥ የማየው ወረቀት ነው፤ ቀና ብዬ መድረኩን አይቼ አላውቅም። እሑድ ግን ቀና ብዬ አየሁ። ሰማንያኛዋ ተመልካች እኔ ነኝ፤ ይመዝገብልኝ።»

«ውሻውስ?» አለ ቤርቲ። «ውሻውም ነበር እኮ!»

«ውሻው ለሥጋ ነው የመጣው» አሉ መምህርት፤ ከዚያ «የሚደግፍ እጁን ያውጣ» ብለው ከሁሉ ቀድመው የራሳቸውን አወጡ። ስምንታችን ተከተልን። እኔ እጅ ስቆጥር እሳቸውን ከስምንቱ በኋላ ነው የቆጠርኳቸው፤ ዘጠነኛ ያልኳችሁ ለዚያ ነው።

«አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ» አሉ እጃቸውን ሳያወርዱ። «ኢዚዶር፣ የጻፍከው ስድብ ላይ ሁለት ስህተት አለ። አርሜዋለሁ። ደግመህ ጻፈው።»

«እሺ መምህርት» አለ ኢዚዶር፤ በቅንድቡ ዱቄት መሃል እንባው ሁለት መንገድ ቀደደ። ከዚያ ሮጦ ወደ ኔሪና ሄደ።

ይህን ሁሉ እስካሁን የማታውቅ አንዲት ሰው አለች። ፊዮሬላ! የኔሪና እህት! እሑድ ዕለት ቀስቱን ሳታይ፣ ሐረጉን ብቻ አይታ፣ ከተውኔቱ በፊት አንድ ልጠጣ ብላ፣ እንደ ልማዷ ቀጥ ብላ የቤርቲን በር ስትደበድብ ቆይታ፣ ቤርቲንም ውሸታም ብላ ተሳድባ የተመለሰችው እሷ ናት፤ ቤርቲ ስሟን የነገረን ኋላ ነው። እስከ ዛሬ አኩርፋ ስልክ አታነሳም። አውቶቡሱ አሁን ከአደባባዩ ሊነሳ ነው፤ ሄጄ በራሷ ቋንቋ ካልነገርኳት ሆዴ ይፈነዳል። በሉ፣ ሊሄድብኝ ነው፣ መንገድ ልቀቁልኝ!